አናጢ ሲባል ማን ይመጣል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ «አናጢ ፈልግልኝ» ብሎ ሰው የላከ ባለቤት ማን በሩን እንደሚያንኳኳ አስቀድሞ አያውቅም። የመጣው ቆርቆሮ መቺ ሊሆን ይችላል። ቋሚና ማገር አቁሞ፣ ወራጅ ጭኖ ለጭቃ መራጊው የሚያስረክብ ሊሆን ይችላል። ፎቅ በሚሠራበት ግቢ ለአርማታ ሙሌት ሳንቃ የሚመታ፣ ሲሚንቶው ሲደርቅ የሠራው ሁሉ ተነቅሎ የሚጣልበት ሰው ሊሆንም ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ አራተኛው ይመጣል፤ ከኪሱ እርሳስና የሚታጠፍ የእንጨት ሜትር አውጥቶ የሳሎኑን ጥግ ለክቶ ሲያበቃ «ቡፌው ስንት በር ይኑረው?» ብሎ የሚጠይቅ። አራቱም አናጢ ናቸው። በዚህ ስም ይጠራሉ፣ በዚህ ስም ይደወልላቸዋል፣ ብዙ ጊዜም በዚህ ስም ሂሳብ ይከፈላቸዋል። ቅሬታዬ ያለው አራተኛው ሰው የብቻው ስም ማጣቱ ላይ ነው።

ቋንቋው ስም ባይሰጠንም ሰዉ በዘዴ ይለያቸዋል። እኛ ሠፈር «የቤት ነው የዕቃ?» ተብሎ ይጠየቃል። «የዕቃ ነው» ከተባለ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ «እጁ እንዴት ነው?» መልሱን ለመረዳት ግን የአገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። «ደህና ነው» ማለት አትሞክረው ማለት ነው። «እጁስ ጥሩ ነበር፣ ቀጠሮ አያከብርም እንጂ» ከተባለ ሂድና ተለማመጠው ማለት ነው። የሰሜን ሸዋ ሰው ሲያሞግስ ከዚህ አያልፍም፤ ካለፈ የሚያሞግሰው ዘመዱን ነው።

አናጢ የሚለው ቃል ሥሩ ግዕዝ ነው። ሐነጸ ማለት ገነባ፣ አቆመ ማለት ነው፤ ሕንጻ የመጣው ከዚያው ነው፤ ሐናጺም የሚገነባ ሰው ነው። ሊቃውንቱ በጸ ጠብቀው ሲያቆዩት ገበያው ሐን ወደ አ፣ ጸን ወደ ጠ አዙሮ አናጢ አለው። አማርኛችን ሁለቱንም ይዟቸዋል፤ ትውልድ ሲሆን ይታነጻል፣ ጎጆ ሲሆን አናጢ ይጠራለታል። ሁለተኛው ቃላችን ጸራቢ ነው። የናዝሬት ሰዎች ጌታን «ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን?» ሲሉ በወንጌል የምናነበው እሱን ነው። ጸረበ በአማርኛ ጠረበ ሆነና መጥረቢያን ወለደ፤ ጠራቢ ዛሬ ከእንጨቱ ይበልጥ ለድንጋዩ ይውላል፣ በተለይ እንደ መንዝ ባለ ቤቱም አጥሩም ድንጋይ በሆነበት አገር። እንግዲህ አንዱ ቃላችን ስለ ማቆም፣ ሌላው ስለ መጥረብ ይናገራል። ስለ መግጠም የሚናገር የለንም። የቤት ዕቃ ሠሪ ሥራ ደግሞ ከሞላ ጎደል መግጠም ነው። ገጣሚ እንዳንለው ስሙን ባለቅኔዎቹ ቀድመው ወስደውታል።

ለምን ስም ሳይወጣለት ቀረ? ዕቃው ራሱ ስላልነበረ ይመስለኛል። የአያቶቻችንን ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል። መቀመጫው መደብ ነው፤ ከግድግዳው ጋር አብሮ በጭቃ ተሠርቶ አጎዛ የሚነጠፍበት። እህሉ በጎታ ይቀመጣል፣ እንጀራው በሞሰብ፣ የክት ልብሱ ተጣጥፎ በሣጥን፤ የአዘቦቱ ግድግዳው ላይ ባለ ችካል ላይ ይንጠለጠላል። ቡፌ የለም፣ ቁም ሣጥን የለም፣ ኮመዲኖ የለም። ገበሬው ከእንጨት የሚፈልገው ሞፈርና ቀንበር ነበር፤ እሱንም ራሱ ይጠርበዋል። በርጩማም ቢሆን ክረምት ላይ እሳት ዳር ተቀምጦ የሚያበጃት ነገር ናት። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪውና ፋቂው እንደ ሌላ ወገን ሲታዩ እንጨት የሚጠርበው ያን ያህል ሳይገለል የቀረውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ምሳር ማንሳት የማያውቅ አባወራ አልነበረማ። ሁሉም የሚችለው ሥራ የብቻ ስም አያስፈልገውም።

ሁሉም የማይችላቸው ግን ነበሩ። አንደኛው የጠፍር አልጋ ነው። ዛሬ በየመጠጥ ቤቱ ለጌጥ የሚቆመውን ተመልክቶ «ቀላል ነገር» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አራት እግርና አራት አግዳሚ መሆኑ እውነት ነው። የአግዳሚው ጫፍ ቀጥኖ በእግሩ ላይ በተፈለፈለው ጉድጓድ ይገባል፤ ምስማር የለውም። ከዚያ ጠፍሩ እርጥብ ሆኖ በቁመትና በወርድ ይወጠራል። ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሰበሰብ ፊት ለፊት ያሉትን አግዳሚዎች ወደ መሐል ይስባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ እግሮቹን ከሌሎቹ ሁለት አግዳሚዎች ጋር ያጣብቋቸዋል። ስለዚህ አልጋውን አጥብቆ የሚይዘው ጠፍሩ ነው፣ ሊሰብረውም የሚችለው ጠፍሩ ነው። ጉድጓዱ ከልኩ ጥቂት ከሰፋ አልጋው ቆዳው ሳይደርቅ መጣመም ይጀምራል፤ ልኩን ከገባ ግን የልጅ ልጅ ይተኛበታል። ይህን የሚያሰላ ሰው ሞፈር ከሚጠርበው ጋር አንድ ሙያ ውስጥ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። መንበረ ታቦቱ፣ አትሮንሱ፣ የመቅደሱ በር። የድሮውን የቤተ ክርስቲያን በር ቀረብ ብሎ ያየ ማጠፊያ አያገኝበትም። ሳንቃው ሲጠረብ ከላይና ከታች የራሱ ጉጥ ይተውለታል፤ የታችኛው በመድረኩ፣ የላይኛው በጉበኑ ጉድጓድ ገብቶ በሩ በገዛ አካሉ ይዞራል። ጽድ ከሆነ ምስጥም አይደፍረውም። የአሠሪው ባላባት ስም ከነማዕረጉ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የሠሪውን ስም የነገረኝ አንድም ቄስ የለም።

ፈረንጆቹ በዚህ ጉዳይ ተጣልተው፣ ተካሰው ጨርሰዋል። ለንደን ውስጥ ቤት የሚያቆሙት አናጢዎችና ዕቃ የሚገጥሙት ሠራተኞች ማኅበራት «ይህ የኔ ሥራ ነው፣ ያ ያንተ ነው» እየተባባሉ ሲያስቸግሩ የከተማዋ ሹማምንት ችሎት በ1632 እ.ኤ.አ. ለያቸው። የልዩነቱ መስመር በጣም ያስደስተኛል፤ በምስማር የሚያያዘው ለአናጢው፣ በጉድጓድና በጫፍ የሚገባውና በሙጫ የሚጣበቀው ለገጣሚው። ጀርመኖቹ ደግሞ ከጠረጴዛ ተነሥተው «ጠረጴዛ ሠሪ» እንደ ማለት ቲሽለር ይሉታል። ፈረንሳዮቹ ከሁሉም አለፉ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ዞጲ የሚባለውን ጥቁር እንጨት በስሱ እየላጡ የባላባቱን ሣጥን የሚያለብሱ ሰዎች ብቅ አሉና ኢቤኒስት ተባሉ፤ «ባለ ዞጲው» እንደ ማለት ነው። ዞጲው በሌላ እንጨት ከተተካ በኋላም ስሙ ጸና። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ማኅበራቸው እያንዳንዱ ባለሙያ በሠራው ዕቃ ላይ ስሙን በማኅተም እንዲመታ ደነገገ፤ ዛሬ በጨረታ ቤት የአንዲት ኮመዲኖ ዋጋ የሚወጣውና የሚወርደው ከሥሯ ተገልብጣ በምትታይ በዚያች ማኅተም ነው።

የዞጲ የፈረንጅ ስም ወደ ኋላ ሲቆጠር በላቲንና በግሪክ አልፎ ግብፅ ይደርሳል። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም ከግብፅ በስተደቡብ የሚኖሩ «ኢትዮጵያውያን» ለፋርስ ንጉሥ በየሦስተኛው ዓመት ከሚያመጡት ውስጥ ያልነጠረ ወርቅ፣ 20 የዝሆን ጥርስና 200 የዞጲ ግንድ ይቆጥራል። ይህን የነገርኩት አንድ ወዳጄ «ታዲያ ኢቤኒስቱም የእኛ ነዋ!» አለኝ። አይደለም። ሄሮዶቱስ የሚለው አገር ኑቢያ ነው፤ ከዚህ አካባቢ ሄደ የተባለውም ግንዱ ነው። ግንድ መላክና ስም ማውጣት ለየቅል ናቸው።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን ልመለስ። ሠፈራችን ውስጥ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ ሠሪ አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል፣ ለማያውቋቸውም ቀጠሯቸው ረጅም ነው። ከሥራቸው ሁሉ የቁም ሣጥን በር ሲሠሩ ማየት እወዳለሁ። በሩ አራት ወፍራም እንጨት ያለው ክፈፍ ነው፤ በክፈፉ ውስጠኛ ጠርዝ ዙሪያውን ቦይ ይወጣለታል፤ በቦዩ ውስጥ ሰፋ ያለ ስስ ሳንቃ ይገባል። አንድ ቀን አዲስ የመጣ ተለማማጅ ሥራ ያማረለት መስሎት ቦዩን በኮላ ሞልቶ ሳንቃውን አጣበቀው። ጋሼ አዩት፣ ዝም አሉ፣ ኮላው ሳይደርቅ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ፈቱት።

«ልጄ፣ እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ክረምትና በጋ ያውቃል» አሉት። «ክፈፉን አጣብቅ። ሳንቃውን ግን ልቀቀው። ያሰርከው እንደሆነ ወይ እሱ ይሰነጠቃል፣ ወይ ክፈፉን ይፈታዋል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በቁመቱ እምብዛም አይረዝምም፤ በወርዱ ግን ያብጣል፤ ሲደርቅም በወርዱ ይሰበሰባል። ሳንቃው በሰፋ ቁጥር እንቅስቃሴውም ይበዛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ሐምሌና ነሐሴን በጉም ታሳልፋለች፤ ከኅዳር ወዲያ ደግሞ ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ነፋስ ይነፍስባታል። በነሐሴ በትከሻ ካልተገፋ አልከፈትም ያለ በር በጥር ሲንኳኳ ይውላል። ስለዚህ ጋሼ በበጋ የሚሠሩትን ሳንቃ ከቦዩ ጥልቀት ጥቂት አሳጥረው ለክረምቱ ማበጫ ይተዉለታል፤ በክረምት የሚሠሩትን ግን ሞላ አድርገው ያስገቡታል። መለኪያቸው ወሩ ነው።

ደጋግሜ ካየሁ በኋላ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ሳንቃውን ክፈፉ ውስጥ ከመግጠማቸው በፊት ለብቻው ቫርኒሽ ይቀቡታል፤ በቦዩ ውስጥ የሚደበቀውን ጠርዝ ሳይቀር። ማንም በማያየው ጠርዝ ለምን እንደሚለፉ ስጠይቃቸው «በጥር ትመጣና ታየዋለህ» አሉኝ። በጥር ሳንቃው ሲሰበሰብ ከቦዩ ወጣ ይላል። ከተገጠመ በኋላ ቢቀባ ኖሮ በክፈፉ ዳር ቀለም ያልነካት የነጣች መስመር ብቅ ትል ነበር። ቀድሞ ስለተቀባ ግን ምንም አይታይም። ባለቤቱ እንጨቱ መንቀሳቀሱን እንኳ አያውቅም። የጋሼ ሥራ አብዛኛው ባለቤቱ ሊያማርርበት የሚችለውን ነገር ከወራት በፊት ማስቀረት ነው፤ ለዚህ ማንም ሰው አመስግኗቸው አያውቅም፣ ሊያመሰግናቸውም አይችልም።

መሳቢያቸውም እንዲሁ ነው። አንዱን ሲገፉት በውስጥ ያለው አየር መውጫ አጥቶ ጎን ያለውን መሳቢያ ትንሽ ብቅ ያደርገዋል። ከመሳቢያው ሥር በእርሳስ ዓመተ ምሕረቱንና የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ይጽፋሉ። ስለ ፓሪሶቹ ማኅተም ነገርኳቸው። «ታዲያ እነሱ ስንት ይከፈላቸዋል?» አሉ።

እንጨቱ ከየት ይመጣል የሚለው ሌላ ጣጣ ነው። ሰሜን ሸዋን በመኪና ያቋረጠ ሰው እንጨት የሞላበት አገር ሊመስለው ይችላል፤ በየጋራው፣ በየማሳው ድንበር ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ገብቶ የማገዶና የቤት ችግራችንን አቃልሏል፤ ውለታው አይካድም። ለቋሚ፣ ለማገር፣ ለወራጅ የሚስተካከለው የለም። ለዕቃ ግን ጠላት ነው። ገና ሲሰነጠቅ በግንዱ ውስጥ ታፍኖ የኖረው ውጥረት ይለቀቅና ጣውላው እዚያው መጋዙ ላይ መጠማዘዝ ይጀምራል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። እናም ደብረ ብርሃን በባሕር ዛፍ ተከብባ የቁም ሣጥኗን ጣውላ ከጅማና ከወለጋ ታስመጣለች። የሚፈለገው ዋንዛ ነው፤ ለመጋዝ የማያስቸግር፣ ሲደርቅ ጠባየ ሸጋ፣ ቫርኒሽ ሲነካው ማር የሚመስል ቀለም የሚያወጣ። የእኛው ኮሶ ቀለሙ ከዋንዛም ይበልጣል፣ ነቀዝ ይደፍረዋል እንጂ። ወይራ ለመቋሚያ፣ ጽድ ለበር።

እነዚህ ዛፎች ዛሬ እንደ ልብ አይቆረጡም። የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ኮሶን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ዋንዛን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌላ ቢተካም ከደብረ ሲና በላይ በአንኮበር በኩል ያለውን የወፍ ዋሻን ደን ያየ ሰው ክልከላው ልክ አይደለም ሊል አይችልም። ወፍ ዋሻ ከድሮው የተረፈልን ጥቂቱ ነው። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ፤ ግን ሕጉን እየደገፍኩ ጋሼ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ የጽድ ጉበን ሲያገኙ ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ አያለሁ። ምስማሩን አንድ በአንድ ነቅለው፣ በመላጊያ አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። «ይኼ ማበጡን ጨርሷል» ይላሉ።

የዋንዛው ዋጋ ሲንር ቦታውን የያዙት ከእንጨት ፍቅፋቂና ቃጫ በሙጫ ተጨፍልቀው የሚሠሩት ችፑድና ኤም ዲ ኤፍ ናቸው። ስለነሱ ክፉ መናገር የተለመደ ስለሆነ እኔ ትንሽ ልከራከርላቸው። ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ክረምት ከበጋ አይሉም፤ አዲስ ተጋቢ በአቅሙ የተሟላ ቤት እንዲኖረው ያደረጉት እነሱ ናቸው። ውኃ ከነካቸው ግን አብጠው እዚያው ይቀራሉ፣ አይመለሱም፤ አንድ ጊዜ የገባው ብሎን ከወጣ ዳግም አይዝም፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ቤት የቀየረ ሰው የጫነውን ቁም ሣጥንና ያወረደውን ቁም ሣጥን ያነጻጽር። የሚሠራቸውም ሰው ሥራው ሌላ ነው። ፋብሪካ የቆረጠውን በማሽን አስተካክሎ፣ ጠርዙን ለብጦ በብሎን ያያይዛል። እሱን ገጣጣሚ ብንለው ስድብ አይሆንበትም፤ በሥራው ልክ የተሰፋ ስም ነው። ችግሩ እሱም፣ ጋሼም፣ ቆርቆሮ መቺውም በአንድ ስም መጠራታቸው ነው።

ምን ይጎዳል? ኪስ ይጎዳል። ቆርቆሮ መቺ በቀን ሂሳብ ወይም በካሬ ይዋዋላል፤ ተገቢም ነው፣ የዋለበት ቀን ይታያል። የዕቃ ሠሪ ድካም ግማሹ ቀን አይታይበትም። ጣውላው በጥላ ሥር፣ በመሐሉ ስንጥር እየገባለት ተደርድሮ ወራት ይቆያል፤ ሠሪው ገንዘቡን እንጨት ላይ አስሮ ይጠብቃል። ከዚያ ደንበኛው ይመጣና «ለሁለት በር ይህን ሁሉ? ቤቴን በሙሉ ያለበሰው አናጢ እንኳ ይህን አልጠየቀኝም» ይላል። ክርክሩን ጆሮዬ ሰምቶታል። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁለት አናጢ አወዳደረ፣ የረከሰውን መረጠ። ቃሉ እንዲያወዳድር ፈቀደለት።

ጽሕፈት ቤቶቹም ቢሆኑ አልረዱም። የወጣቶች ማኅበር ሲደራጅ ዘርፉ «የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ» ነው፤ የመስኮት ብረት የሚበይደውና ወንበር የሚሠራው በአንድ መዝገብ ይሰፍራሉ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተሻሉ፤ ለይተው ያስተምራሉ፣ ለይተውም ይፈትናሉ፤ ግን ስሙን ፈርኒቸር ብለው ከነቅርፊቱ አመጡት። ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ ያለው ታፔላ ሁሉ ፈርኒቸር ነው፤ የሚሠራውም ፈርኒቸር፣ ከአዲስ አበባ አምጥቶ የሚሸጠውም ፈርኒቸር።

ይህን ሁሉ እንዳብሰለስል ያደረገኝም ታፔላ ነው። የጋሼ ልጅ ያልሆነ፣ እንደ ልጅ ያሳደጉት አንድ ወጣት እጁ ደርሶ የራሱን ቤት ሊከፍት ተነሣ። አማርኛ ስለማስተምር «መምህር፣ ምን ብዬ ላስጽፍ?» ብሎ መጣ። ጋሼም ነበሩ። ሻይ ተቀዳና ሸንጎ ተቀመጥን።

«ባለእጅ» አልኩ መጀመሪያ። ጋሼ ወዲያው ጣሉት። ቃሉ ቆንጆ ነው፤ ግን ስንት ዘመን ለስድብ እንዳገለገለ እሳቸው ያውቃሉ። ጠቢብ የሚለው ክቡር ስም እንኳ ሲንከባለል ጠይብ ሆኖ ቀጥቃጩ ላይ ነው የወደቀው። እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ በዘመናቸው ማብቂያ ላይ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያለ የሚሰድበውን በአዋጅ እስከ መገሠጽ ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን በየቤቱ ቀረ። ልጁም «እናቴ ታፔላዬን አይታ ታለቅሳለች» አለ።

«ባለሙያ»ም አላስኬደንም። በእኛ አገር ባለሙያ ሲባል አስቀድማ የምትታሰበው ወጧ የሚጣፍጥ ሴት ናት፤ ምግብ ቤት መስሎት የሚገባ አይጠፋም። «ጸራቢ» አልኩ፤ ጋሼ ተነሥተው ሊያማትቡ ቃጣቸው። ኢቤኒስትን ለቀልድ ወረወርኩት፤ ልጁ ደግሜ እንድለው ጠየቀኝና ሳቀ። እሱ ልቡ ያለው ፈርኒቸር ላይ ነው፤ «ሰው በስልክ ሲፈልግ የሚጽፈው እሱን ነው» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ጋሼ ግን የሚሸጠውና የሚሠራው በአንድ ስም መጠራታቸው አልተዋጠላቸውም።

«አንተ ምን ታደርጋለህ?» አሉት በመጨረሻ።

«ዕቃ እሠራለሁ።»

«ታዲያ ዕቃ ሠሪ ነሃ።»

እኔም ሳስበው የሰው ቋንቋ ከድሮም ያለው ይህንኑ ነው። «የቤት ነው የዕቃ?» ብሎ ሲጠይቅ የኖረው ገበያተኛ ስሙን ግማሽ መንገድ አድርሶት ነበር። ሸክላ ሠሪ እንላለን፣ ጫማ ሠሪ እንላለን፣ ሰዓት ሠሪ እንላለን፤ ዕቃ ሠሪ ለጆሮ የሚጎረብጥ ነገር የለውም። ልጁ ብቻ አንድ ስጋት ነበረው፤ ዕቃ ብቻ ሲባል ድስትም ዕቃ ነው። ስለዚህ «የእንጨት ዕቃ ሠሪ» ሆነ፣ ከሥሩ በትንሹ «ፈርኒቸር» ተጨመረበት፤ እሱን ያስጨመረው ስልኩ ነው።

ታፔላ ጻፊው ሂሳቡን በፊደል ነው የሚቆጥረው። አናጢ ሦስት ፊደል ነው፣ ፈርኒቸር አምስት፣ የእኛው ዘጠኝ። ልጁ ከነፈርኒቸሩ የአሥራ አራት ፊደል ዋጋ ቆጥሮ ከፈለ፤ ስልክ ቁጥሩ ሲጨመር ጻፊው ለየአኃዙ ለብቻ አስከፈለው፣ ያንንም ሳይከራከር ከፈለ።